ከመስታወቱ ወዲህ

ጎራዴው ጎራዴ የለውም። ያለችው አውራ ጣት የምታክል ቢላ ናት። ስሙን ያወጡለት የችግኝ ጣቢያው ሴቶች ናቸው፤ ቢላዋን ለማንም ስለማያውስ።

ሥራው ማዳቀል ነው። የደህናውን ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ በሌላው ግንድ ላይ ይሰካል፤ በቢጫ ክር ያስራል፤ ይጠብቃል። ከመሰካቱ በፊት አንድ ቅጠል በጣቱ ጨፍልቆ ያሸትታል። አባቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

እሷ የመጣችው አፈር በላስቲክ ከረጢት ልትሞላ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቢላዋን ከጠረጴዛው አነሳችና የላስቲክ ጥቅል ቆረጠችባት። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አላት።

«ቢላ አይደለችም እንዴ? ለመቁረጥ መስሎኝ።»

«የኔ ናት።»

«አውቃለሁ። የሌሎቹማ ቅቤም አይቆርጡ።»

ስለቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችና እጀታውን ወደ እሱ አዙራ ሰጠችው። አያት። አየችው።

«ጎራዴው ዛሬ ተማረከ» አለች ከሴቶቹ አንዷ። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቢላዋ ሁለት ባለቤት ኖራት። እሱም ልጅቷን ቡቃያ ብሎ ጠራት። ማታ ከሥራ ሲወጡ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሄዱ ነበር። የሁለቱም እጅ አፈር ነበር። ያን ጊዜ አፈር ነውር አልነበረም።

የጣቢያው ባለቤት እትዬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጣቢያውን በድምፃቸው ነበር የሚመሩት። ከአንዱ ዳር ሆነው ሲጣሩ በሌላው ዳር ያለው ሠራተኛ የውሃ ማጠጫውን ይጥል ነበር።

የእህታቸው ልጅ ተምሮ ሲመለስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዶክተሩ ይሉታል። ከግቢው ጫፍ ነጭ ቤት አሠራ፤ ትልቅ መስኮት ያለው፣ መስኮቱ ግን የማይከፈት። እዚያ ውስጥ ከሙዝ እግር ሥር ከሚወጣው ልጅ የጥፍር ያህል ይቆረጥና፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ሙጫ በረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል። በመብራት ሥር ይበቅላል፤ ይከፈላል፤ እንደገና ይበቅላል። ከአንድ እናት የሚወጣው ችግኝ አያልቅም። ሁሉም አንድ መልክ፣ ሁሉም ጤነኛ። ዶክተሩ ቲሹ ካልቸር ይለዋል። ገበሬዎቹ «የጠርሙስ ልጆች» አሏቸው፤ እየሳቁ ስም አወጡ፤ ቀጥሎ ተሰልፈው ገዙ።

እትዬ መጮህ ተዉ። የክፍሉ ሙቀት ከፍ ዝቅ ሲል ስልካቸው ይነግራቸዋል። ጠዋት ከሠራተኛው በፊት የሚያዩት ስልካቸውን ሆነ።

«ድሮ የማባርረው ሰነፍ ነበር፤ አሁን ሻጋታ ነው» ይላሉ።

የጎራዴው ጠረጴዛ ጭር አለ። አዳቃይ ፈልጎ የሚመጣ ሰው አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ።

ይህን ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌላ ነው። ዶክተሩ አፈር ከሚሞሉት ሴቶች መካከል የቡቃያን እጅ አየና እሷን መረጠ። ነጭ ጋዋን ለበሰች፤ ፀጉሯን ሸፈነች፤ አፏን በማስክ ጋረደች። ዶክተሩ ስም ጨመረላት። ጣቷ አይስትምና ወረንጦ አላት።

ጎራዴው ይህን ስም የሰማው ከጥበቃው ነው።

«ወረንጦ ገና አልወጣችም።»

«ማናት ደግሞ እሷ?»

«ያንተዋ ናታ!»

የሱዋ ከሆነች ሌላ ሰው እንዴት ስም ያወጣላታል? ያን ማታ ራት አልወረደለትም።

በመስኮቱ በኩል ማለፍ ልማዱ ሆነ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። አየር ከሚያጣራው መሣሪያ የሚወጣው ንፁህ ንፋስ ፊታቸው ላይ ይነፍሳል። ከፊታቸው የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። አፉ የተሸፈነ ሰው በዓይኑ እንደሚስቅ ጎራዴው ያወቀው እዚያ ቆሞ ነው። ዶክተሩ አንድ ነገር ይላል፤ የሷ ዓይን ጠበብ ይላል። ምን አላት? በመስታወቱ ድምፅ አያልፍም።

አንድ ጠዋት ጽጌረዳ ቆርጦ በነጩ ቤት በር ላይ ጠበቃት። እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«አልችልም። ታጥቤያለሁ።»

«እኔ ቆሻሻ ነኝ?»

«አበባው ላይ ያለው ብናኝ አንድ መደርደሪያ ጠርሙስ ያሻግታል።»

«ድሮ ፀጉርሽ ላይ ትሰኪው ነበር።»

«ድሮ አፈር ነበር የምሞላው። ማታ ስጠኝ፤ እ?»

ማታ ጽጌረዳው ጠውልጎ ነበር። ሳያሳያት ጣለው።

በጎራዴው ደጅ አንዲት ብርቱካን ነበረች። የተከሏት እናቱ ናቸው። እናቱ ሲሞቱ ብርቱካኗ ቀረችለት። ኋላ ግን ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ መጣ። ቅርንጫፏን እየቆረጠ በጤነኛ ግንድ ላይ ደጋግሞ ሰካ። የሰካው ሁሉ ጸደቀ፤ የጸደቀው ሁሉ መልሶ ቢጫ ሆነ። በሽታው ከቅርንጫፉ ጋር አብሮ ይሄዳል። የጎረቤት ዛፎች ሳይለከፉ ሊቆርጣትና ሊያቃጥላት ግድ ሆነ።

ሊቆርጣት በተነሳበት እሑድ ቡቃያ አብራው ነበረች። መጥረቢያውን ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

«አንድ ጫፍ ስጠኝ።»

«የታመመ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ቢላህን ስጠኝ።»

ሰጣት። ለምለሙን ጫፍ መርጣ ቆረጠችና በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። ለማስታወሻ መስሎት ልቡ ሞቀ። ብርቱካኗን ሲቆርጥ አላለቀሰም፤ እሷ አጠገቡ ስለነበረች።

በማግስቱ በመስኮቱ ሲያልፍ ያ ጨርቅ በዶክተሩ እጅ ላይ ነበር። ዶክተሩ ጫፉን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያገላብጠዋል። እሷ አጠገቡ ናት። ዓይኗ ይስቃል።

ጎራዴው አልጠየቃትም። ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። ቀናተኛ ግን መልስ አይፈልግም፤ ማስረጃ ነው የሚፈልገው።

ወራት አለፉ። እትዬ አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ዶክተሩ በሌላ ከተማ ሁለተኛ ቤት ሊከፍት እንደሆነ ነገሩ። ይህን ቤት የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። «መደርደሪያውን ከሻጋታ ጠብቆ ወቅቱን የዘለቀ እሱ ይመራል» አሉ። ዓይናቸው ማን ላይ እንዳረፈ ሁሉም አየ። ሴቶቹ ቡቃያን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። የአፈር ሞይ ልጅ ልትሾም ነው! እሷ መሬት መሬት አየች። ዶክተሩ እሷን አየ። ጎራዴው ዶክተሩን አየ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ነጩ ቤት ባዶ ነበር። በሩ አይቆለፍም። ያለው ሕግ ብቻ ነው፦ ጫማህን አውልቅ፣ ታጠብ፣ ጋዋን ልበስ። ጎራዴው አፈር በጠገበ ጫማው ገባ።

መደርደሪያዋን ለማወቅ አልተቸገረም፤ አደራደሯን ያውቀዋል። የሙዝ ጠርሙሶች በረድፍ ቆመዋል። ከዳር ግን አንገታቸው ላይ ቢጫ ክር የታሰረባቸው ጥቂት ትናንሽ ጠርሙሶች አሉ። ክሩ የራሱ ነው፤ ችግኝ የሚያስርበት። ውስጣቸው ያለው ሙዝ አይደለም።

አንዱን ከፈተ። ጣቱን ሰድዶ አንድ ቅጠል ቀነጠሰ፤ ጨፈለቀ፤ አሸተተ።

የእናቱ ብርቱካን ነበረች። ቢጫ የሚባል ነገር የለባትም።

መደሰት ነበረበት። አልተደሰተም። እሱ ደጋግሞ ያቃተውን ሌላ ወንድ ቻለው። ያውም በእናቱ ዛፍ። ያውም ከሷ ጋር። ክዳኑን መልሶ ወጣ። ማንም አላየውም።

ሻጋታ አይቸኩልም። መጀመሪያ እንደ ጥጥ ክር ነጭ ሆኖ ታየ፤ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። በባለ ክሩ ጠርሙስ ጀመረ፤ ወደ ጎረቤቱ አለፈ፤ መደርደሪያውን ያዘ።

የእትዬ ድምፅ ተመለሰ። ሠራተኛው ሁሉ በነጩ ቤት በር ላይ ተሰበሰበ።

«የማን መደርደሪያ ነው?»

«የኔ» አለች ቡቃያ።

«ማን ገባ?»

«አላየሁም እትዬ። መደርደሪያው ግን የኔ ነው።»

«አክስቴ፣ የኔም ስህተት ሊሆን ይችላል» አለ ዶክተሩ። «እሷን ከመቅጣታችን በፊት...»

ጎራዴው ከኋላ ቆሟል። ዝም ካለ ሹመቷ ይቀራል። ይህን ያውቃል። ግን እውነቱ ይነገርና፣ አፉን ያስከፈተው ይህ ብቻ አልነበረም፤ ዶክተሩ ቀድሞት ስለተሟገተላትም ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን ልታደርግ ገባህ?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

በአገጩ ዶክተሩን አመለከተ። ዶክተሩ ማስኩን ዝቅ አደረገ።

«በኔ? እኔ ከሷ ጋር ምሳ እንኳ በልቼ አላውቅም! እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ቢላ አትይዝም ብላ ትቆጣኛለች።»

«ጎራዴው ጠርሙስ ማረከ!» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

«ሰውየውን ብትመታው ገብቼ እገላግል ነበር» አሉት። «ሻጋታን ማን ይገላግላል? ከእንግዲህ ጫማህ እዚህ ደጅ አይድረስ።»

ስለ ሹመቱ ምንም አላሉም።

ማታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አልሄደችም። መጥታ በማዳቀያው ጠረጴዛ ማዶ ቆመች።

«የትኛውን ነው የከፈትከው?»

«ባለ ቢጫ ክሩን።»

ከጠረጴዛው ላይ የክሩን ጥቅል አነሳች።

«አሸተትከው?»

«አሸተትኩት።»

«ምን ምን አለህ?»

«የእናቴ ደጅ።»

ፊቷን አዞረች።

«ከጫፉም ጫፍ፣ ዓይን የማያየውን ያህል ነው የቆረጥኩት። በሽታው እዚያ ድረስ አይወጣም። ከፍሬ በበቀለ ጤነኛ ችግኝ ላይ ሰካሁት፤ ልክ እንዳንተ። ዶክተሩ መንገዱን አሳየኝ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስንቱ እጄ ላይ ሞተ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብትሞት ሁለተኛ እንዳትቀብራት ብዬ።»

ጎራዴው ጠረጴዛውን ያዘ።

«ዶክተሩ የሠራው መስሎኝ ነው» አለ።

«ቢሆንስ? ዳነች ማለት ነው እኮ። ደስ አይልህም ነበር?»

ቢዋሽ እንደምታውቅበት ያውቃል።

«አይለኝም ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ ውስጥ እንባ ነበረበት። «አንተ ክፉ ሰው» አለችው። «እንኳን አልዋሸህ። ነገ ምሳ ሰዓት መስኮቱ ጋ ቁም። ከውጭ።»

«እትዬ ከለከሉኝ እኮ።»

«ጫማህን ነው የከለከሉት። አውልቀህ ና።»

በማግስቱ ባዶ እግሩን ቆመ። እሷ ብቻዋን ገባች። ከሻጋታው ያመለጠውን ጫፍ ትፈልጋለች፤ ትቆርጣለች፤ ታጥባለች፤ በአዲስ ጠርሙስ ታስቀምጣለች። አንዴም ቀና አላለችም። ጎራዴው በሕይወቱ እንደዚህ ያለ እጅ አላየም። ቢላዋን ለማን ሲያውስ እንደኖረ ገባው።

ዶክተሩ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። በውሃ የተሞላ ብርጭቆ ይዟል።

«ለምን ከሷ ጋር አልገባህም?» አለው ጎራዴው።

«ከዚህ ይሻላል» አለ ዶክተሩ።

ጎራዴው ብርጭቆውን አየ። ውሃው ፀጥ ብሏል። የዶክተሩ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ከመስታወቱ ወዲህ አይንቀጠቀጥም። ቀና ብሎ ዓይኑን አየው። ዶክተሩ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

ያን ጊዜ ለጎራዴው ሁሉም ነገር ገባው። በከንቱ አልቀናም ነበር። የቀናበት ሰው ግን ከሱ የባሰ የተራበ ነው፤ አንድም ቀን አልተናገረም፤ ጠርሙስም አልከፈተም። ጎን ለጎን ቆመው አዩዋት።

ከጠርሙሶቹ ሁሉ አንዲት ብርቱካን ብቻ ዳነች። ወቅቱ ሲያልቅ እትዬ የነጩን ቤት ቁልፍ ለቡቃያ ሰጧት፤ በሩ ከዚያ ወዲህ ይቆለፋል። «ሻጋታ የማይገባበት ቤት የለም» አሉ። «የኔ ነው የሚል ሰው ግን አይገኝም።» ዶክተሩ ወደ አዲሱ ቤት ሄደ። ሲሰናበት ጎራዴውን እጁን ጠበቅ አድርጎ ጨበጠው፤ እሷን በሩቁ እጅ ነሥቶ አለፈ።

ብርቱካኗ አሁን በጎራዴውና በቡቃያ ደጅ ናት። ማታ ቡቃያ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምትነካው ቅጠሏን ነው።

«እኔስ?» ይላታል ከደጃፉ ላይ ሆኖ።

«ጠብቅ። እሷ ብዙ ጠብቃሃለች።»

ይጠብቃል። መቅናቱን አልተወም፤ ቅናት እንደዚያ በሽታ ከሰው ጋር አብሮ ይሄዳል። ቅጠል መጨፍለቅ ግን ትቷል። እሷ ወደ ውስጥ ስትገባ እጁን ይታጠባል፤ ጎንበስ ይላል፤ ብርቱካኗን ሳይነካ ያሸትታታል።