ሦስተኛው አልጋ

ይርዳው የሞተው ወር ሙሉ ሲያማርጥ ከርሞ ከመረጠው ኢሱዙ ሥር ነው። መኪናው የጭነት ሳጥኑ ተነቅሎለት ሻንሲው ብቻ ቀርቷል፤ የኋላ ጎማም የለውም። ያ ባዶ የብረት አጥንት በአብዱልሃኪም ግቢ ውስጥ ወርዶ ደረቱን አደቀቀው።

ዋና ሳጅን አንለይ ሲደርስ ሰዉ ሻንሲውን በአጠና አንስቶ አስከሬኑን አውጥቶ ነበር። ነጠላ አልብሰውታል። ፍርዱንም ጨርሰዋል።

«ክሪኩ ተንሸራቶበት ነው፤ የእግዜር ቁጣ ነው» አለ አንዱ።

«የእግዜር አትበል፤ የነጋዴው ነው! በአሮጌ ክሪክ ሰው ያስፈጃል» አለ ሌላው።

አብዱልሃኪም ጢሙ ብናኝ ለብሶ የሩዝ መፈልፈያው በር ላይ ቆሟል። ግቢውም መፈልፈያውም የራሱ ነው፤ ግን በገዛ ግቢው ማንም አያናግረውም። ወረታ ተወልዶ ወረታ የሸበተ ሰው ነው። ሬሳ ሲገኝ ስሙ ተረስቶ «ነጋዴው» ለመባል ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

አንለይ ብዙ አይናገርም። ባለመናገሩም አለቆቹ ምንም እንደማያውቅ ቆጥረው፣ ማዕረጉን ከእሱ በኋላ ለመጡት ሲያድሉት ኖረዋል። አሁንም ዝም ብሎ ተንበረከከ። መኪናውን ያነሳው ክሪክ አልወደቀም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንገቱ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሻንሲውን ከክሪኩ ጎን ሲደግፍ የነበረው የባሕር ዛፍ ግንድ ግድግዳው ጥግ ተደግፏል። ሻንሲው ላይ ጣውላ ተደርድሮ፣ በጠመኔ የአልጋ ቅርጽ ተስሎበታል። አንድ፣ ሁለት። የሦስተኛው ተፍቋል፤ ጥላው ብቻ ቀርቷል።

ነጠላውን ገለጥ አደረገ። የሟቹ የቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ ነጭ ነው። ኪሱን ሲዳስስ የቡሎን ዳዶዎች ተንቋቁ።

ነጠላውን መለሰበትና ወደ አብዱልሃኪም ሄደ።

«ይህን መኪና ለምን ፈለገው?»

«ለእማዋይሽ ነዋ! ሚስቱ እግሯን ከያዛት ወዲህ ከጸበል ጸበል ውሰዱኝ ትላለች። ማን ይውሰዳት? ባጃጁ እምቢ አለ፣ ጎረቤቱ እምቢ አለ።»

ውሸት አልነበረም። የወረታ ሰው ለቀብር ሲጠራ ቃሬዛ ይሻማል፤ በሽተኛ ተሸከሙልኝ ሲባል ግን ሁሉንም ወገቡን ያመዋል። ይርዳው ያን ሲያይ ኖሮ ቆረጠ። መኪና ላይ ቤት ሊሠራ፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ውኃው ሁሉ እዚያው ሊሆን።

«ሁለት መኪና አሳየሁት» አለ አብዱልሃኪም። «ሚኒባሱ ለስላሳ ነው፣ በሽተኛ አያንገላታም። ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ክረምት ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃው ሲተኛ ሆዱ ጭቃው ላይ ይቀመጣል። ደግሞ ጠባብ ነው፣ ከሁለት አልጋ አያልፍም። ኢሱዙው የጣራ ገዳምን ዳገት አይፈራም፤ ባሌስትራው ግን ደንዳና ነው፣ ያንገጫግጫል። እሱ ኢሱዙውን አለ። ሻንሲው ረዘም ይላል፣ ሦስት አልጋ ያስገባልኛል ብሎ።»

«ሦስተኛው የማን ነው?»

«የልጁ የአይናለም ነዋ። እናቷን ማን ያገላብጣታል?»

«ሻንሲው ሲወድቅ ምን ሰማህ?»

«ምን እሰማለሁ ሳጅን? መፈልፈያው ሲሠራ እንኳን መኪና፣ ሰማይ ቢወድቅ አልሰማም። ደንበኞቹም ከአጠገቤ ነበሩ፣ ጠይቃቸው። ዘመኑ መጥቶ ትከሻዬን ይዞ ሲንጠኝ ነው ያወቅሁት።»

ዘመኑ ከአስፋልቱ ማዶ የብየዳ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው። ወላጆቹን የወረታ ሰው አያውቃቸውም፤ ለሥራ መጥቶ የቀረ ነው። አጥሩ ሥር ተቀምጦ መዳፎቹን በጨርቅ ጠቅልሏል። ቆዳው ተልጦ ጨርቁን ደም አርሶታል።

«ብቻዬን ላነሳው ሞከርኩ» አለ። «አቃተኝ።»

«ማን ጠራህ?»

«ማንም። ሲወድቅ ድምፁን ሰምቼ ከሱቄ ሮጥኩ። ስደርስ አልቆለታል።»

አንለይ የተላጡትን እጆች አየ። «ታከምበት» ብሎት ሄደ።

ከቀብር መልስ የእማዋይሽን ወንድም ደስታውን ከድንኳኑ ውጭ አገኘው። ይፋግ አጠገብ ሩዝ የሚያርስ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው።

«ቅዳሜ ገበያ መሐል ‹እህቴን ከወረታ ካወጣሃት ነፍስህን አወጣታለሁ› ብለኸዋል አሉ።»

«ብዬዋለሁ! በአፌማ በዓመት ስንቱን እገድላለሁ። በሬዬን ስንቴ አርጄዋለሁ፤ ይኸው ያርሳል።»

«የሞተ ዕለትም ግቢው ገብተሃል።»

ደስታው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ገብቻለሁ። እህቴ መንገድ ላይ ትሞትብኛለች ብዬ ልለምነው ነበር። ከሻንሲው ሥር ነው፤ ጎን ለጎን ጎማ ተቆልሎ፣ ላዩ ጣውላ ሆኖ፣ እግሩም አይታይ። ጎንበስ ብዬ ነው ያየሁት። ‹አያ ይርዳው!› ብል መፈልፈያው ይጮሃል፤ አልሰማኝም። ‹ይኸው፣ አሁንም ናቀኝ› ብዬ ወደ ይፋጌ ሄድኩ።»

«ግንዱ ቦታው ነበር?»

«ከክሪኩ ጎን ነዋ። እሱ ያለ ድጋፍ ሥር የሚገባ ሰው መሰለህ? ዕድሜውን ቅጥቅጥ አውቶብስ እየነዳ ደብረ ታቦር ሲመላለስ አንድ ጎማ ሳይፈነዳበት የኖረ ሰው ነው።»

«ከዘመኑ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

ደስታው ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይናለምን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። እሷም ትወደዋለች። ይርዳው ‹ልጄን ለቀጥቃጭ አልሰጥም› ብሎ መለሳቸው።»

ዕድሜ ልኩን በቅጥቅጥ እንጀራ የበላ ሰው ቀጥቃጭን ናቀ። የተቀጠቀጠው መኪና ከሰማይ የወረደ መስሎት ይሆን? ብረቱን የሚወዱት ሰዎች የሠራውን እጅ እንደሚጸየፉት ያላየ የለም።

በማግስቱ መፈልፈያው ሲነሳ አንለይ ወደ ዘመኑ ብየዳ ቤት ገባ። አብዱልሃኪም ግቢ ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ትልቅ ብረት ከፍ አድርገው እንዲጥሉ ነግሯቸው ነበር። ጣሉ። ደግመው ጣሉ። አንለይ ከማዶ እጃቸው ሲወርድ እያየ ጆሮው የሰማው የመፈልፈያውን ጩኸት ብቻ ነው።

ዘወር ሲል ሦስት የብረት አልጋዎች አየ። ሁለቱ ተበይደው ቀለም ተቀብተዋል። የሦስተኛው ብረት ተቆርጦ ተደርድሯል፤ አንድም ቦታ ብየዳ አልነካውም።

በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ አንለይ የሚፈልጋቸውን ሰዎች እማዋይሽ ክፍል ሰበሰበ። እሷ መንቀሳቀስ ስለማትችል እነሱ መጡላት። ደስታው ራስጌዋ ተቀመጠ፤ አይናለም ግርጌዋ። አብዱልሃኪም ከበሩ አልራቀም። ዘመኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

«እትዬ እማዋይሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አንለይ። «ይህን ሳልናገር ብተወው አብዱልሃኪም ዕድሜ ልኩን ሰው ገዳይ ይባላል።»

«ተናገር ልጄ።»

«ክሪኩ አልተንሸራተተም። የተንሸራተተ ክሪክ አንገቱን እንዳወጣ በጎኑ ይወድቃል። ይኼኛው ቆሞ አንገቱን አስገብቷል፤ የዘይት መልቀቂያውን ሰው ፈቶታል። ደስታው ቦታው ያየው ግንድም በእግሩ ሄዶ ግድግዳ አይደገፍም። ሰው አንስቶታል።»

አይናለም ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች።

«ማን? አብዱልሃኪም ከደንበኞቹ አልተለየም፤ ጠይቄያለሁ። ደስታው ሲወጣ ግንዱ ቦታው ነበር ብሎ የነገረኝ ራሱ ነው። እሱ አንስቶት ቢሆን ኖሮ ‹አላየሁም› ማለት ይቀለው ነበር። አንድ ሰው ግን ድምፅ ሰምቼ መጣሁ አለኝ። መፈልፈያው ሲሠራ ከማዶ ድምፅ አይሰማም። እኔ ቆሜ ሞከርኩት። መውደቁን ያወቀ ሰው በዓይኑ ያየ ነው። ከሱቁ ሆኖ አይቶ ቢሆን ‹ሰማሁ› ብሎ አይዋሽም፤ ያየው ከክሪኩ አጠገብ ሆኖ ነው።»

ሁሉም ወደ ዘመኑ ዞረ። ዘመኑ አልካደም፤ ቀስ እያለ ግድግዳውን ይዞ ተንሸራተተና መሬት ተቀመጠ።

«ገዳይ!» ደስታው ዘሎ ተነሳ። አብዱልሃኪም ከበሩ ሮጦ ወገቡን ያዘው።

«ልቀቀኝ!»

«አለቅህም። አንድ ቀብር ይበቃናል።»

«ቁጭ በል» አለ አንለይ። «ሰው መኖሩን አላወቀም። ጎማውና ጣውላው ጋርደውታል፣ ጩኸቱ አፍኖታል። አውቆ የገደለ ሰው መዳፉ እስኪላጥ ብረት አያነሳም። አንተ ንገራቸው፣ ዘመኑ። ሻንሲውን ለምን ጣልከው?»

«እንዲጣመም ነው» አለ ዘመኑ፤ ድምፁ አይሰማም። «ያ ሻንሲ ከተበላሸ ሚኒባሱን ይወስዳል አልኩ። ሚኒባስ ሁለት አልጋ ነው የሚይዘው፤ እሷ ትቀርልኛለች አልኩ። ሽማግሌዎቼን መለሰ፤ ቻልኩት። ቀጥቃጭ አለኝ፤ ቻልኩት። ኋላ ራሱ መጥቶ ሦስት አልጋ በይድልኝ አለኝ። የሷን አልጋ ... ይዟት የሚሄድበትን አልጋ በእጄ እንድሠራለት። ያን አልቻልኩም።»

 የሚቀጥለውን መናገር እንዳልፈለገ የአንለይ ፊት ያስታውቃል።

«ጣውላው ላይ ሦስተኛው አልጋ ተፍቋል። ጠመኔው ያለው ይርዳው እጅጌ ላይ ነው። ኪሱ ውስጥ ዳዶዎች ነበሩ፤ ጣውላውን የያዙት ቡሎኖች ግማሾቹ ዳዶ የላቸውም። እያሰረ አልነበረም፤ እየፈታ ነበር። ኢሱዙውን ለአብዱልሃኪም ሊመልስ ነበር።»

ዘመኑ ቀና አለ። የገባው ቀስ ብሎ ነው።

«ጠዋት ሲወጣ ‹ልጅቱን አስረጀናት› አለኝ» አለች እማዋይሽ፣ ጣራውን እያየች። «‹ለሁለታችን ሚኒባሱ ምን አነሰን፤ አንቺን ማገላበጥ ለኔ አያቅተኝም› አለኝ። ‹ልጁን ማታ አስጠራዋለሁ፤ ዳግመኛ ሽማግሌ አያስፈልገውም› አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለአይናለም እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ ዝም አልኩ።»

ዘመኑ ግንባሩን ከመሬት አጋጨ። ያወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። አይናለም አላየችውም። ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያወጡት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች።

በማግስቱ ማለዳ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ዘመድ የለውም» አለች እማዋይሽ። «እዚያ ታስሮ ማን ያበላዋል?»

«አባቴን ገድሎ?»

«አዎ። ባሌን ገድሎ።»

«እኔ አልሄድም።»

«ታዲያ እኔ ልሂድ?»

አይናለም ብርድ ልብሱ ሥር የተጋደሙትን እግሮች አየች።  ከዚያ ተነሳች፤ እንጀራውን በወጥ አጥፋ በሳህን ከደነች፤ በጨርቅ ቋጠረችና ወጣች። ገበያው መሐል ስታልፍ የሚያውቋት ሁሉ ወሬያቸውን እያቋረጡ አሳለፏት፤ ገና ጀርባዋን ሳትሰጣቸው ግን ጀመሩት።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንለይ ቆሞ ነበር። መንገድ ለቀቀላት። ምግብ የሚቀበለው ጠባቂ ቋጠሮዋን ፈታና እንደ ሁልጊዜው፣ ሳያያት፣ ለሁሉም የሚለውን አላት፦

«ቅመሺና አስገቢ።»

አንለይ «ተዋት» ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ግን ቀድማ ቆረሰች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ውኃ እንጂ እህል አፏ አልገባም ነበር። ጎረሰችው። ማላመጥ አቅቷት ብዙ ቆመች፤ ጠባቂውም ቸኩሎ «ዋጪው እንጂ» አላት።

ዋጠችው።