ማንም ከማይጠራበት በኩል

በዘብራን ምድር፣ ስሙ ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠር ነበር። የዋሸ ይታረቃል፣ የተደባደበ ይሸመገላል፤ ሲጠሩት «አቤት» ያላለ ግን ከገዛ እናቱ ጋር እንኳ ማዕድ አይቀርብም። ስለዚህ ዘብራኖች እያረሱም «አቤት»፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡም «አቤት»፣ እያንኮራፉም ሳይቀር «አቤት» ይሉ ነበር። በዚህ ጨዋነታቸው ይኮሩ ነበር። ደግሞም ያኮራል፤ ትንሽ አበዙት እንጂ።

የመጣባቸው ጥፋትም በዚሁ ጨዋነታቸው በኩል ገባ።

አስቀድሞ የታየው ምልክት ይህ ነው፦ በጠራራ ፀሐይ የጽምና ሐይቅ ተነፈሰ። ከውኃው ላይ ነጭ ጭጋግ ተነሣና ነፋስ ሳይነዳው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ሽቅብ ወደ ከተማው መጣ። ውሾች አልጮኹም። ዶሮዎች ባሉበት ቆመው እንደሚያደምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያም ጭጋጉ ሰዎችን በየስማቸው መጥራት ጀመረ።

የሚጠራውም በሚታወቅ ድምፅ ነበር፤ በሞተች እናት፣ ርቆ በሄደ ወንድም ድምፅ። «አቤት» ያለ ሰው የያዘውን ትቶ ይሄዳል። ገበያ ላይ ጤፍ ስትሰፍር የነበረች ሴት ጣሳዋን እንደሞላ በቀስታ አስቀምጣ፣ ፈገግ ብላ፣ ነጩ ውስጥ ገባች። አልተመለሰችም። ከሄዱት ማንም አልተመለሰም። የመለሱት «አቤት» ብቻ በየባዶው ደጃፍ ቀርቶ ውሎ አድሮም በሹክሹክታ ይሰማ ነበር።

ያን ጭጋግ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ላይ አስተኝቶ የያዘው «ገሥጽ» የተባለው ነጋሪት ነበር። ጎሕ ሲቀድ የሚመታው የቢተው ቤተሰብ ነው። ቢተው ግን ሚስቱ በሞተች በዓመቱ፣ ነጋሪቱን በትከሻው አንግቦ ወደሚመታበት ማማ ሲወጣ፣ ከበስተጀርባው በሚስቱ ድምፅ ተጠራ። «አቤት ዓለሜ!» አለ። እንዳነገበው በሐይቁ ላይ ወደ ተኛው ጭጋግ ወረደ፤ ገሥጽም ሳይመታ ቀረና ጭጋጉ ነቃ።

ንጉሥ አርዛንም ዐዋጅ አስነገረ፦ «የሰማህ ስማ! ከእንግዲህ ግን እንዳትሰማ! ሁሉም ጆሮውን በሰም ይድፈን!»

ዐዋጁ በርግጥ ሠራ፤ ወደ ጭጋጉ የሚሄድ ሰው ቀረ። ባልና ሚስት በጥቅሻ ይጣሉ፣ በጥቅሻ ይታረቁ ጀመር። ካህናቱም ጆሯቸውን ደፍነው ይጸልዩ ነበር። ለፈጣሪ ያልነገሩት ነገር የለም፤ መልስ ቢሰጥ በምን እንደሚሰሙት ግን ያሰበ አልነበረም። ጭጋጉም አልሄደም። እህሉን በማሳው አበሰበሰ፤ ቀን በቀን ወደ ቤቶቹ ተጠጋ።

የቢተው ልጅ አዝመራ በንጉሡ ፊት ቆመች። ገና ለጋ ወጣት ነች፤ ክንዷ ግን ነጋሪት የለመደ ነው። ንጉሡ አንደኛውን ጆሮውን በጥንቃቄ ከፈተ።

«ንጉሥ ሆይ፣ በፈጠረኝ አምላክ እምላለሁ! ገሥጽ ዳግመኛ ካልተመታ የቤቴን ደጃፍ አልረግጥም!»

«አባትሽስ?»

«እሱንም እመልሳለሁ» አለች ቀስ ብላ። የመጣችበት ነገር በእውነቱ ይህ ሁለተኛው ነበር።

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንደኛው የአባቷ ወዳጅ ባሻ ዘርጋው ነው፤ ከተዋጋው ጦርነት ያወራው የሚበልጥ ሽማግሌ። ሁለተኛው ሰገድ የተባለ ጉማሬ አዳኝ ነው፤ ስለ ራሱ ለመናገር የማንንም እርዳታ የማይፈልግ ጎበዝ።

ከጭጋጉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ፣ ለመነጋገር አንዳንድ ጆሯቸውን ከፈቱ፤ አዝመራም ገመድ አወጣች።

«እንተሳሰር።»

«እኔ ፍየል ነኝ እንዴ?» አለ ሰገድ።

«ፍየልማ ብትሆን ትታዘዝ ነበር» አለ ባሻ ገመዱን ወገቡ ላይ እያሰረ።

ሰገድ ስቆ ሰሙን በጆሮው መልሶ ጠቀጠቀና ሳይታሰር ቀድሞ ገባ። ሁለቱም ጆሯቸውን ደፍነው ተከተሉት።

ውስጡ ቀን ነው፤ ግን ቀኑ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጥላ የለም። የረገጡት ሣር ድምፅ አልባ ነው። ግራና ቀኝ ጠሪዎቹ ቆመዋል፦ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያሉ፣ ዓይንና አፍንጫ የሌላቸው፣ ከፊታቸው ላይ አፍ ብቻ ያላቸው። መዳፋቸውን በአፋቸው ዳር አድርገው፣ ሰው ከማዶ ሲጣራ እንደሚሆነው፣ ጎንበስ ብለዋል። ሲያልፏቸው አፎቹ አብረው ይዞራሉ።

አዝመራ ከሰገድ ፊት ያለው ሣር ሲያብረቀርቅ አየች። ሣር አልነበረም፤ ቅጠል የለበሰ ውኃ ነው።

«ሰገድ! ቁም!» ብላ ጮኸች።

እሱ አልሰማም። አንድ ቀልድ ትዝ ያለው ይመስል ፈገግ ብሎ ወደ እነሱ ዞረ፤ በዚያው ወደ ኋላው ተራመደ። ውኃው ያለ ድምፅ ተከፈተና ያለ ድምፅ ተዘጋ። ዘንጋቸውን ሰድደው ቢፈልጉት ወለል የለውም።

አዝመራ በውኃው ዳር ተንበረከከች። ከዚያም ሰሙን ከጆሮዋ አወጣች። ባሻ እጇን ያዘ።

«አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ!»

«ሰገድን የገደለው ይሄ ሰም ነው ባሻ! ጠላቱን ላለመስማት ብሎ እኔንም አልሰማኝ። እኛስ እስከ ዛሬ የማን ቃል አምልጦን ይሆን?»

ያማረ ንግግር ነበር። ባሻ ግን ጆሮው እንደተደፈነ ነው፤ አንድም ቃል አልደረሰውም።

ድምፆቹ ወዲያው ወረዱባት። ከሁሉ አይሎ የአባቷ ተሰማ፦ «አዝመራ! እግሬ ተሰብሯል፣ እዚህ ነኝ ልጄ! ቶሎ ድረሽልኝ!»

«አቤት» ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እጇን ነክሳ መለሰችው። ከላይ ደግሞ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ወረደ፦ «እኔ ፈጣሪሽ ነኝ! ሩጪ!»

ደነገጠች። ይህንንም ያስመስላሉ ለካ! ወይስ እውነት እሱ ነው?

«አምላኬ ሆይ» አለች፤ «ድምፅህን አላውቀውም። ስነግርህ ኖርኩ እንጂ ስሰማህ አልኖርኩም። የምሄድበት ጠፍቶኛል። ከአንተ በቀር የምጠይቀው የለኝም፤ እስክትነግረኝ አልነቃነቅም።»

መልስ አልመጣም። እንደተናገረችው ቆመች። ባሻም ነገሩ እንደሚረዝም ሲገባው ቁጭ ብሎ ቆሎ መቆርጠም ጀመረ።

ቆየች። የአባቷ ድምፅ ለመነ፣ አለቀሰ፣ ቀጥሎም ይሰድባት ጀመር፦ «ጨካኝ! እናትሽ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችሽም!» ያን ጊዜ አንድ ነገር ልብ አለች፤ ሁሉም ያጣድፏታል። አንዱም እንድትጠይቅ ፋታ አይሰጣትም።

ከዚያ ቃሉ መጣ። በጆሮዋ አልነበረም፤ የምታውቀውንም ሰው አይመስልም። ትከሻዋ ላይ እንዳረፈ እጅ ነበር፦

*ወደማይጠራሽ ሂጂ።*

አልተደገመም። አላጣደፋትም።

እርግጠኛ ሆነች ማለት ውሸት ነው። ግን ጭንቅላቷን አዙራ አደመጠች፤ በቀኝ ይጠራል፣ በግራ ይጠራል፣ ከኋላ ይጠራል። በአንድ በኩል ብቻ ምንም የለም፤ ሬሳ እንደወጣበት ቤት ጭር ያለ ነው። ጤነኛ ሰው ወደዚያ አይሄድም። እሷ ገመዱን ሳብ አድርጋ ባሻን አስነሣችና ለሚያለቅሰው የአባቷ ድምፅ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች።

ጭርታው መካከል ጠሪዎቹ ክብ ሠርተው፣ አፋቸውን ገጥመው ቆመዋል። በመካከላቸው ቢተው በነጋሪቱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ነጠላውን በአፉ ውስጥ ጠቅጥቆታል። አንድ ጊዜ «አቤት» ብሎ ራሱን ሰጥቷቸዋል፤ ዳግመኛ ከመለሰ ነጋሪቱም የእነሱ ይሆናል። ጠርተውት ያን መልስ ነበር ቆመው የሚጠብቁት።

አዝመራ ጨርቁን ከአፉ አወጣች። «አባዬ!»

ዓይኑን ገልጦ በጥርጣሬ አያት። «ልጄን ትመስያለሽ። እነሱም ብዙ ነገር ይመስላሉ።»

«ባሻ ዘርጋውን ይዤ መጥቻለሁ። ይኸው ቆሎ ይቆረጥማል።»

ቢተው ከነጭንቀቱ ሳቀ። «እንግዲያስ አንቺው ነሽ! እነዚህ የባሻን ቆሎ መውደድ አያውቁም። በይ ምቺው፤ እኔ አልቻልኩም።»

እጁን አነሣ። ከክርኑ በታች እጅ አልነበረም፤ እንደ ድስት እንፋሎት ያለ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። እግሩም እንደዚያው ነው።

«ጭጋጉ ከተበተነ አንተስ?»

«ግማሼ እሱ ሆኗል ልጄ።»

አዝመራ ፊቷን ወደ ላይ አነሣች። «አምላኬ ሆይ፣ ሌላ መንገድ ካለ ንገረኝ!»

ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

ጠሪዎቹ በአንድነት አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው የእናቷ ድምፅ ነበር፤ በጠዋት ባሏን ስትቀሰቅስ እንደነበረው ለስላሳ፦ «ቢተው... ቢተውዬ...»

አባቷ ወደ ነጋሪቱ በአገጩ ጠቆማት። «ልመልስላት ነው አዝመራ፤ አልቻልኩም። ቶሎ!»

መታችው።

የገሥጽ ድምፅ እንደ ተራራ ተንዶ ወጣ። ጠሪዎቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ከሥራቸው ተቆረጡ። ደግማ መታች፤ ጭጋጉ እንደ አሮጌ ሸማ ተተረተረ። እያለቀሰች መታች። ቢተው ከእግሩ ጀምሮ ሳሳ፤ ፊቱ የመጨረሻው ነበር። ወደሚጠራው ድምፅ አልዞረም፤ ወደ ልጁ እያየ ነበር። ከዚያ በነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ብቻ ወደቀች፤ ሐይቁም በሩቁ ዝም ብሎ ተኝቶ ታየ።

ባሻ ዘርጋው ሰሙን አወጣ። አጠገቧም ተቀመጠ።

«ስትጸልዪ አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም።»

«ምንም? ታዲያ በምን ልብሽ መታሽ?»

«ፊተኛውን የነገረኝ እሱ እንደሆነ አምኜ። ዝም አለ እንጂ ሄደ አልልም ባሻ፤ እዚያው ነበረ።»

ባሻ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «ነጋሪቱን ልያዝልሽ?»

«ይከብድዎታል።»

«ስለሚከብድ አይደል የጠየቅኩሽ!»

ገሥጽ በዘብራን ማማ ላይ ዳግመኛ መመታት ጀመረ። የሄዱት ሰዎች አልተመለሱም፤ አዲስ የሚሄድ ግን አልነበረም። አዝመራ መትታ ስትጨርስ ቶሎ አትወርድም፤ ዱላዋን አስቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ ትቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ከታች ሆኖ «ውረጂ እንጂ፣ ምን ቀረሽ!» ይላት ነበር። ኋላ ግን ወደ እርሻው የሚወጣው ሁሉ ከማማው ሥር ሲደርስ ሞፈሩን ከትከሻው አውርዶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ አብሯት መቆም ለመደ።