ለመሳል ሁለት እጅ

ቢላዋ ሠሪው በገዛ ዎርክሾፑ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጉሮሮው ከኋላ በመጣ አንድ ምት ከዳር እስከ ዳር ተቆርጧል። ደሙ የሥራ ጠረጴዛውን አልብሶ፣ ግድግዳውን ረጭቶ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን አምፖል ሳይቀር አቅልሞታል። ዕድሜ ልኩን ስለት ሲያወጣ የኖረ ሰው በስለት ቢሞት ሰፈሩ «የእጁን አገኘ» ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። ሰፈር መቼም ለለቅሶ እንጂ ለፍርድ አይሆንም።

ገዳዩም ያለ ብዙ ድካም ተይዟል፤ ቢያንስ የጣቢያው አዛዥ እንደዚያ ያምን ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አንድ የሆቴል ምግብ አብሳይ ግራ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ወደ ሟቹ መደብር ገባ። አዲስ በወጣው ቢላዋ ሥጋ ሲቆርጥ ስለቱ ወደ ጎን ሸሽቶ ሌባ ጣቱን ወስዶበታል። በደንበኞች ፊት ቢላዋውን በበሩ የድንጋይ ደፍ ላይ እየደጋገመ ቀጠቀጠው፣ ባንኮኒው ላይ ወረወረው፣ ከዚያም «በዚሁ ቢላ ነው የማርድህ!» ብሎ ጮኾ ወጣ። ሲመሻሽ ባለመደብሩ በዚያው ቢላዋ ታረደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

«ከሰዓት በኋላ ለዓቃቤ ሕግ እልከዋለሁ» አለ አዛዡ። «አንቺ ቦታውን ለወጉ ያህል እይና ነይ።»

ለወጉ ያህል ማየት የማትችል ሴት መላኩ የእሱ ጥፋት ነው። ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቅጥነት እንኳ የላትም፣ ነገር ግን የገባችበትን ሳትወጋ አትወጣም። መጀመሪያ የሄደችው ወደ እስር ክፍሉ ነበር። አብሳዩ የታሰረ እጁን አቅፎ ግድግዳው ስር ተቀምጧል።

«ዝተሃል?» አለችው።

«ዝቻለሁ እትዬ። ጣቴ ነው እኮ የሄደው! የምበላው በእጄ ነው። ሚስቴ ደግሞ ልትወልድ ነው።»

«ተመልሰህ ሄደሃል?»

«ወዴት ልመለስ? ቤቴ ገብቼ ሲጠዘጥዘኝ አመሸሁ። ያየችኝም ሚስቴ ብቻ ናት።»

በር ላይ የቆመው ጠባቂ «ሚስትማ ምን ትበል» ብሎ ሳቀ። መርፌ ዞር ብላ ስታየው ሳቁን ዋጠው።

«ቢላውስ?»

«ጥዬው ወጣሁ። ምን ያደርግልኛል? ስለቱ ተሸራርፎ መጋዝ መስሎ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ልትወጣ የጀመረችውን አቆመች። ሟቹ የታረደበትን፣ በላስቲክ የታሸገውን ቢላዋ ከቦርሳዋ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን በማጉያ መነጽር አየችው። ደም የደረቀበት ስለት ከጫፍ እስከ እጀታው ቀጥ ያለ ነው። አንድም ሽራፊ የለውም።

መደብሩ ዝግ ነበር። ሻጩ፣ ልብሱ የተተኮሰ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ፣ ባንኮኒው ጋ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል።

«ጋሼን የመሰለ ሰው!» አለ። «እኔ እኮ ሰውየው ሲዝት ደስ አላለኝም። ላመልክት ብዬ ወደ እናንተ ጣቢያ ሄድኩ። መሞቱን የሰማሁት እዚያው ወረፋ ላይ ሆኜ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። አዲሱን ቢላ ሰው እንዴት ተቀበለው?»

«ኧረ ተይኝ! ልጅቷ፣ የጋሼ ልጅ፣ ቅርፁን ስትቀይረው መጀመሪያ ሳቁብን። እጀታው ስለተቆለመመ አንዷ ‹ይሄ ጭልፋ ነው ቢላ?› አለችኝ። አንድ ሥጋ ሻጭ ደግሞ ስለቱ በአንድ ጎን ብቻ መሆኑን አይቶ ‹ግማሹን እናንተ በላችሁት?› አለ። ኋላ ግን ወደዱት። ቲማቲሙን እንደ ወረቀት ነው የሚያሳሳው።»

«ታዲያ ቁጣው ከየት መጣ?»

«መጀመሪያ ‹ዶለዶመ› ብለው ይመልሱታል። እኛ ስለን እንሰጣለን። ከዚያ ደግሞ ተናደው ይመጣሉ፣ ‹ወደ ጎን ይሸሻል› እያሉ።»

«ሳይሳልለት በፊት ‹ይሸሻል› ያለ አለ?»

«የለም» አለ ሻጩ ቀስ ብሎ። «አሁን ስትዪኝ እኮ ነው…»

የሟቹ ልጅ ዎርክሾፑ ውስጥ ነበረች። ደሙ በነበረበት ቦታ ፊት ለፊት ቆማለች፤ አላለቀሰችም። በጠረጴዛው ላይ አንድ ክብ የብረት ዘንግና በቀጭኑ የተቆረጡ ወረቀቶች በደም ተጣብቀው ቀርተዋል።

«ይህ ዘንግ ምንድን ነው?»

«የማቃኛ ዘንግ ነው። ቢላ ሲሠራበት ስለቱ ወዲያው አያልቅም፤ ይታጠፋል። በዘንጉ ሲያሹት ይቃናል፣ ከብረቱ ምንም አይቀነስም። መሳል ሌላ ነው። ድንጋዩ ብረቱን በልቶ አዲስ ስለት ያወጣል። የእኔ ቢላ ደግሞ መሳል ያለበት በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ከተሳለ አቅጣጫውን ይስታል።»

«ወረቀቱስ?»

«አባዬ ሲሞክር ይሆናል። ‹ዶለዶመ› ተብሎ የተመለሰውን ሳይስል አቃንቶታል። ይኸው፣ ወረቀት ቆርጧል። ትናንት ሰውየው ዝቶ እንደወጣ ተጣልተን ነበር። ‹ቢላሽ ሰው አካለ ጎደሎ አደረገ፤ ከነገ ጀምሮ አይሠራም› አለኝ። እኔም የማይባል ነገር ተናገርኩት። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ማንም አላየኝም፤ ከፈለግሽ እሰሪኝ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ጥግ ላይ፣ ከመሳያ ድንጋዩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመደብሩን ቢላዋ ሁሉ የሚስለው እሱ ነው። ቀኝ አንጓው ድሮ ተሰብሮ ጠሞ ስለገጠመ እጁ እንደ ልብ አይታጠፍም፤ ያም ሆኖ በስለት የሚደርስበት የለም ይባላል።

«ወንድሜን የገደለው ያ ጉደኛ ቢላ ነው» አለ፣ የወንድሙን ልጅ በአገጩ እየጠቆመ። «ደህና ቢላ ነበረን። ሰው የለመደውን ሲያሳጡት ያብዳል፤ ይኸው አበደ።»

«የአብሳዩን ቢላ ነክተውታል?»

«በዓይኔም አላየሁት። ጩኸቱ ሲነሳ በጓሮ ወጣሁ። ጭቅጭቅ አልወድም እመቤት።»

መርፌ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ አለች። ስለት ሲሳል የሚወጣው ግራጫ ጭቃ ደርቆበታል፤ የደሙ ጠብታዎች ደግሞ ከጭቃው በላይ አርፈዋል። ከዚያ ደንበኞች የመለሱት፣ ተስሎ የተቀመጠው ቢላዋ ያለበትን መሳቢያ ከፍታ አንድ በአንድ በማጉያ መነጽሩ አየች። ስትጨርስ ወደ አዛዡ ደወለች።

«እስረኛውን ይዘህ ና። ወደ ዓቃቤ ሕግ ሳይሆን ወደዚህ።»

አዛዡ እየተነጫነጨ መጣ። አብሳዩ እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመ። ልጅቷና ሻጩ ግድግዳው ስር፣ አጎትየው በርጩማው ላይ።

«ይህ ሰው ትናንት ቢላውን በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ሻጩና ደንበኞቹ አይተዋል» ብላ ጀመረች። «ስለቱ ተሸራርፎ ነበር። ሟቹን የቆረጠው ግን ሽራፊ የለውም። ስለዚህ በመሃል ሰው ነክቶታል። የተሸረፈ ቢላ በዘንግ አይቃናም፤ ሽራፊው እስኪጠፋ ድንጋይ ላይ መሳል አለበት።»

«ቤቱ ወስዶ ቢስለውስ?» አለ አዛዡ።

«የተሳለው እዚህ ነው። ደሙ ከጭቃው በላይ ነው፤ ከግድያው በፊት እዚሁ ድንጋይ ላይ ተስሏል። እስቲ አንተ ሳለው።» የተሸረፈ ቢላዋ ሰጠችው። አዛዡ ግራ ገብቶት በቀኙ እጀታውን ያዘ፣ በግራ ጣቶቹ ስለቱን ድንጋዩ ላይ ተጭኖ ገፋ አደረገ።

«አየህ? ለማረድ አንድ እጅ ይበቃል። ለመሳል ሁለት ያስፈልጋል። የዚህን ሰው ግራ እጅ ተመልከት።»

የአብሳዩ ፋሻ ደም አዝሏል። አዛዡ ቢላዋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሟቹ የወደቀው ለድንጋዩ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። የዛተበት ሰው ቢላ ሲስል ጀርባውን የሚሰጥ ሞኝ የለም። ያን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ከለመደው ሰው ነው የሰማው። ሻጩ ጣቢያ ነበር። ልጅቷ ስትስል በአንድ ጎን ነው፤ ይህ ግን በሁለቱም ጎን ተስሏል።»

«እሷ እኔን ለማስጠርጠር ብላ ብታደርገውስ?» አለ አጎትየው።

«እኔ እርስዎ አላልኩም» አለች መርፌ።

ከመሳቢያው ሁለት ቢላዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ግን አስቤበታለሁ። መሳቢያው ውስጥ ያሉት ቢላዎች ሁሉ በእጀታው በኩል የጣት ስፋት ያህል ሳይነኩ ቀርተዋል፣ መስመራቸውም እዚያ ጋ ይጎብጣል። አንጓዎ ስለማይታጠፍ ነው። የእጅ ጽሕፈት እንደማለት ነው፤ ይህም ቢላ ያው ጽሕፈት አለበት። ቢላዎቹ የሚሸሹት ከእርስዎ ድንጋይ ከተነሡ በኋላ ነው። ማቃናት ብቻ የሚበቃውን እያወቁ በሁለት ጎን ፈጩት፣ ሰው የልጅቷን ሥራ እንዲጠላ። የዚህ ሰው ጣት የሄደው በእርስዎ ነው። ወንድምዎ ትናንት በዘንጉ ሞክሮ ደረሰበት።»

አጎትየው ተነሣ። ማንም ሳይደርስበት ከግድግዳው አንድ ቢላዋ መንጭቆ ወደ መርፌ ሰነዘረ። እጅጌዋ ተቀደደ፣ ክንዷ ተተረተረ፣ ደሟ ተፈናጠረ። ሁለተኛውን ሳይሰነዝር ልጅቷ የማቃኛውን ዘንግ አንስታ በቀኝ አንጓው ላይ አወረደችበት። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ቢላዋው ወደቀ፤ እሱም በጉልበቱ ወደቀ። ደግማ ስታነሣ ፖሊሱ ያዛት።

«ልቀቀኝ! ጭንቅላቱን ነው የምፈልገው!» እያለች ተወራጨች። «የእናቱ ልጅ እኮ ነው! የእናትህ ልጅ!»

አጎትየው የተሰበረ እጁን ታቅፎ ቁና ቁና ተነፈሰ። ሲናገር የሚያየው ወለሉን ነበር።

«ነገ ለደንበኛው ሁሉ ‹ያበላሸው ወንድሜ ነው› ብዬ እናገራለሁ አለኝ። ድንጋዩን ከነገ ጀምሮ አትነካም አለኝ። ከድንጋዩ ሌላ ምን አለኝ? ከዚያ የሰውየውን ቢላ ሰጠኝ። ጀርባውን አዙሮ ወረቀቱን እየቆረጠ ‹ደህና አድርገህ ሳልለት፤ ነገ ራሴ ቤቱ ወስጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ› አለ። ሌላ አልተናገረም።»

አዛዡ ካቴናውን ከአብሳዩ እጅ ፈታ። ሰውየው ነፃ መሆኑን የሰማ አይመስልም፤ ደሙ የረጨውን ጠረጴዛ አፍጥጦ ያያል።

«ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች» አለችው መርፌ፣ ክንዷን በመሐረብ እያሰረች።

«እኔ አርድሃለሁ ብዬው ወጣሁ» አለ አብሳዩ። «እሱ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ቢላዬን ሲያስልልኝ ነበር።»

ከዚያ ፊቱን በፋሻው ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። የሟቹ ልጅ ከፖሊሱ እጅ ወጥታ አጠገቡ ሄደች፤ ደህነኛ እጁን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችው።