ማዮኔዝ የሌለበት ኮልስሎ

«ማዮኔዙን እንዳትነኪው፣ እኔ ራሴ ነኝ የምጨምረው» አለች ኡሙሃኒ፣ ትልቁን ብልቃጥ እንደ ሕፃን አቅፋ።

ኡሙሃኒ የኢኽላስ አክስት ናት። ከጅዳ ከተመለሰች ወር አልሞላትም፤ ቆቦን ለማሠልጠን ግን ቸኩላለች። ዛሬ የኢኽላስ ታላቅ እህት ኒካህ ስለሆነ ሥልጣኔው በኮልስሎ ይጀመራል ተብሏል።

ጎረቤታቸው ፍሬሕይወት፣ የኢኽላስ የክፍል ጓደኛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለኮልስሎው ጥቅል ጎመንና ካሮት ስትከትፍ ጣቶቿ ብርቱካንማ ሆነዋል።

«ማዮኔዝ እንቁላል አለው አይደል?» አለች ኢኽላስ።

«ታዲያ በምን ሊወፍር ነው?»

«ዛሬ ዓርብ ነው እኮ አክስቴ። ክርስቲያኖቹ ይጾማሉ። ፍሬ ራሷ የከተፈችውን ልትቀምሰው አትችልም።»

«ለጾመኛ ሽሮ አለ፣ ድንች አለ። ካልሆነም በትንሽ ሳህን ቀንሺላቸውና ጥግ ላይ አስቀምጪው።»

«ግድ የለም፣ እኔ ጎመን አልወድም» አለች ፍሬሕይወት።

ውሸቷን ነው። እየከተፈች ስንቱን በልታዋለች።

ኡሙሃኒ ልብስ ልትቀይር ገባች፤ ብልቃጡንም ይዛው ገባች።

በሰፈሩ ድግስ ሥጋው ሁሌም ለየብቻ ነው። የሙስሊሙ አራጅ ሌላ፣ የክርስቲያኑ አራጅ ሌላ፣ ድስቱም ሌላ። ኢኽላስ በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም።

«ጎመን አይታረድም» አለች ድንገት።

«ምን?»

«አራጅ የለውም። ታዲያ ለምን እንለየዋለን? ሂጂ፣ የእናትሽን ሰናፍጭ አምጪ።»

ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሎሚ ጨመቀች፤ ዘይት፣ ጨውና ሰናፍጭ ጨምራ በደንብ ናጠችው። ስትቀምሰው አፍንጫዋ ተቃጠለ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አለሽ?» አለች ፍሬሕይወት እየሳቀች።

«ስኳር... ስኳር አቀብዪኝ።»

ስኳርና ተጨማሪ ዘይት ገብቶ እንደገና ሲናጥ ወፈር ያለ ቢጫ ሆነ። አሁን ምላስ ላይ ኮምጠጥ ብሎ ይጣፍጣል።

«በቃ ለጾመኛው ትንሽ ለይተን...»

«ትንሽ ሳህን የሚባል ነገር የለም» አለችና ኢኽላስ ሁሉንም ሳፋው ላይ ገለበጠችው። በእጇ እያሸች ሳለ ኡሙሃኒ ተኳኩላ ወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮልስሎ።»

«ኮልስሎ ነጭ ነው!»

«የኛ ቢጫ ነው። ቅመሽው።»

«አልቀምስም። ሰናፍጭ ይሸተኛል። እንግዳውን በአፍንጫው ልታስለቅሺው ነው?» የብልቃጡን ክዳን ከፈተች። «እንደ ምንም ግማሹን ላድነው።»

ኢኽላስ ሁለት እጆቿን ሳፋው ላይ ዘረጋች። ለአክስቷ እንዲህ መልሳላት አታውቅም።

«አይሆንም አክስቴ።»

ኡሙሃኒ የብልቃጡን ክዳን መልሳ ገጠመች። «ወላሂ፣ ሰው ሲስቅብንና ማን ሠራው ሲባል ስምሽን ነው የምጠራው።»

ፍሬሕይወት «እኔም...» ልትል ስትጀምር ኢኽላስ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ጥሪው» አለች።

ሳፋውን ተሸክማ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። በቀኝ የሙስሊሞቹ ምግብ፣ በግራ የክርስቲያኖቹ ተደርድሯል፤ መሀሉ መተላለፊያ ነው። ባዶ ጠረጴዛ ጎትታ መተላለፊያው ላይ አቆመችና ሳፋውን አስቀመጠችበት።

የፍሬሕይወት አባት ጋሼ ታደሰ የለስላሳ ሣጥን እንደተሸከሙ ደርሰው ቆሙ። «መንገድ ዘጋሽ እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። በዚያ ይዙሩ» አለችና ማንኪያውን ጎመኑ ላይ ሰካችው።