ሳህኖቹ ዝም ሲሉ

«አንድ ምዕራፍ ጥሩ መሆኑን ግን በምን ያውቃሉ?»

ጠያቂዋ ጋዜጠኛዋ ነበረች። ሥራዋ ሆኖ አይደለም፤ ጥያቄ ስለማያልቅባት የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ስም ነው። ዛሬም የትምህርት ቤቱን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ጊዜ ብቻዋን ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም፤ «አንቺ ደግሞ ለሰው አታስተርፊም?» እያሉ አጉረመረሙባት። በቤተ መጻሕፍቱ መሀል ቆማ የምትመልሰው ደራሲ ግን ፈገግ አለች።

ደራሲዋ የጭራሮ እናት ናት። ጭራሮ የሚሏት ከቅጥነቷ የተነሳ ነው፤ አሁን የመጨረሻው ረድፍ ላይ መደርደሪያው ጥግ ተለጥፋ ስለተቀመጠች ቅጥነቷ ጠቅሟታል። እናት ትምህርት ቤት ስትመጣ የሚሰማ ነገር አለ፤ ኩራትም ነው፣ ሼምም ነው። እስካሁን ግን ነገሩ አሪፍ ነበር። እናቷ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በእርሳስ እንደምትጽፍ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ እንደምታትመው፣ ቆርጣ ያወጣችውን ምዕራፍ ደግሞ ከኮምፒውተሩም ከደብተሩም እንደምታጠፋው ነገረቻቸው። «ካስቀመጥኩት ይናፍቀኛል፤ የናፈቀኝን ደግሞ በጓሮ በር መልሼ አስገባዋለሁ» ስትል ልጆቹ ስቀዋል። አዲሱን ልቦለድ ነገ ለአሳታሚው ታስረክባለች። ከዚያ በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ፣ አንዱ የሌላውን ሳል ሳይቀር ስለሚሰማ ሁለት ጎረቤታሞች አጠር ያለ መጽሐፍ ልትጀምር አስባለች።

«በምን አውቃለሁ?» አለች እናቷ የጋዜጠኛዋን ጥያቄ ደግማ። «ሚስጥር ነው። ግን መጽሐፉ አልቋል፤ ብናገረው ምን ይመጣል?» ዓይኗ የመጨረሻውን ረድፍ ፈለገ። «እዚያ የተደበቀችው ልጄ ከእራት በኋላ ሳህን ታጥባለች። እኔ ከኋላዋ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ለራሴ የማነብ ነው የሚመስላት። ጆሮዬ ግን ከሳህኑ ጋር ነው። ሳህኑ ከተንኳኳ ልጄ ሰልችቷታል። ሳህኑ ዝም ካለ እጇን አረፋ ውስጥ ነክራ እየሰማችኝ ነው። ዝም ያለችበት ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ ክብ አደርጋለሁ።»

ቤተ መጻሕፍቱ በሳቅ ተሞላ። ሁሉም ዞሮ ጭራሮን አየ።

«አፍ ይዋሻል፤ በተለይ ለእናት» ብላ ቀጠለች። «እጅ ግን አይዋሽም። ባለፈው ወር በዚሁ ሳህን የተነሳ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አውጥቻለሁ። እኔስ እወደው ነበር። ሳህኖቹ ግን ጦር ሜዳ የዋሉ ነበር የሚመስሉት።»

«የትኛው ምዕራፍ ነው?» ጋዜጠኛዋ ይሄን ጊዜ እጇን እንኳ አላወጣችም።

«ሹፌሩ ተሳፋሪ የሆነበት።»

ጭራሮ ክው አለች። ሳቁም ጭብጨባውም ከሩቅ የሚሰማ መሰላት።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ጭራሮ ስለ ክቦቹ ታውቅ ነበር። አምና መቅረጫ ስትፈልግ እናቷ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ የቆየ ረቂቅ ኅዳግ ላይ አየቻቸው፤ እሷ ማጠቧን ባቆመችባቸው ቦታዎች ላይ መሆናቸውን ስታስተውል ደግሞ ነገሩ ገባት። ያን ሰሞን ቤቱ ደስ አይልም ነበር። የእናቷ ያለፈው መጽሐፍ ገዢ አጥቶ በካርቶን ተመልሶ መጥቷል። ካርቶኖቹ አልጋ ሥር አልበቃ ብለው ሁለቱ የታናሽ ወንድሟ የድብልብል ወንበር ሆነዋል። እናቷ ያኔም ጎህ ሳይቀድ ትነሳና ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፤ «እየጻፍሽ ነው?» ሲሏት «አዎ» ትላለች፤ ፊቷ ግን ክረምት ነበር።

አዲሱን ልቦለድ ጀምራ ሁለተኛውን ምዕራፍ ያነበበች ዕለት ጭራሮ አንድ የተጣበቀ ክዳን ለማላቀቅ ትግል ላይ ስለነበረች እጇ ቆመ። ከኋላዋ እርሳሱ ጫር ሲል ሰማች። ወዲያው የእናቷ ድምፅ ፈካ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው! ከዚያ ወዲህ ጭራሮ እያወቀች ታቆም ጀመር። ረዘም ያለ የዝናብ ገለጻ ሲመጣ ታቆማለች። ሰዎች ሲጨቃጨቁ ታቆማለች። እጇን አረፋው ውስጥ አስቀምጣ የነገውን የሒሳብ ፈተና ታሰላስላለች፤ እናቷ ደግሞ ክብ ታደርጋለች።

የሹፌሩ ምዕራፍ ግን ሌላ ነበር። ልቦለዱ የሚተርከው ዓይኑ ደክሞ ከሥራ ስለተሰናበተ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በዚያ ምዕራፍ ሰውዬው መሰናበቱን ለቤተሰቡ አይናገርም። በየማለዳው የደንብ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ የራሱ የነበረው አውቶቡስ ላይ ይሳፈርና ከአዲሱ ሹፌር ጀርባ ይቀመጣል። በየፌርማታው ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ጭራሮ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አፍንጫዋ ሁሉ ፈሰሰ። እንዳይሰማባት የቧንቧውን ውሃ እስከ መጨረሻው ከፍታ ድስቱን ከድስት፣ ማንኪያውን ከሹካ እያጋጨች አንጋጋችው። አንድ ብርጭቆም ሰብራለች።

በጠቅላላው መጽሐፍ ውስጥ ከልቧ የሰማችው አንድ ምዕራፍ ቢኖር እሱ ነበር። ተቆርጦ የወጣውም እሱ ነው።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጋዜጠኛዋ በሩ ድረስ ተከትላ «አንቺ ለካ ሀያሲ ነሽ! የሳህን ሀያሲ! የኔንም ድርሰት በብርጭቆ እይልኝ» እያለች ስትቀልድባት ጭራሮ ለመሳቅ ሞከረች። እናቷ መንገዱን ሙሉ እያወራች ሄደች። ነገ ካስረከበች በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ እስከ ረፋድ እንደምትተኛ፣ ስለ ጎረቤታሞቹ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ትናንት ገላዋን ስትታጠብ እንዳገኘችው፣ ሳሙና በዓይኗ ይዛ ወረቀት ስትፈልግ ልትወድቅ እንደነበር ነገረቻት። ጭራሮ እናቷን እንዲህ ደስ ብሏት ካየቻት ቆይታለች።

ቤት ሲደርሱ ድብልብል ከጎረቤት ተመልሶ ካርቶኖቹ ላይ ተደላድሎ ስዕል ይስላል። እናትየው ልብሷን ልትቀይር ገባች። ጠረጴዛው ላይ ልቦለዱ በሲባጎ ታስሮ ተቀምጧል። ጭራሮ የወንድሟን ስዕል አየት አደረገች፤ ጎማው የበዛ የጭነት መኪና ነው። ከወረቀቱ ጀርባ የታተመ ጽሑፍ ወደዚህ ያሳያል። ገለበጠችው። «ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ» ይላል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«እማዬ ናት የሰጠችኝ። አበላሽቼዋለሁ ሳልበት አለችኝ።»

«ሌሎቹስ?»

ከካርቶኑ ሥር አወጣቸው። መኪና፣ መኪና፣ ዓሣ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር፣ ደግሞ መኪና። አንዱን ገጽ አውሮፕላን አድርጎ በመስኮት ለቆታል። ቀሪዎቹን የሰጣት ከለር እርሳሷን ሁሉ ካስረከበችው በኋላ ነው። ጭራሮ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል፤ ያለው ይሄው ነው። ነገ በሲባጎ የታሰረው ክምር ብቻ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ከአውቶቡሱ ወርዶ በቀጥታ መጨረሻው ላይ ይገኛል፣ አንባቢም ለምን እንደሚያዝንለት ሳያውቅ ያልፈዋል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? እናቷ ደስ ብሏታል። ብትናገር ግን አንዱን ምዕራፍ ብቻ አይደለም የምትናገረው። ክቦቹ ሁሉ ይነሳሉ። ዝም ብትል ደግሞ ይሄም መጽሐፍ በካርቶን ቢመለስስ? ያ ፊት ተመልሶ ቢመጣስ? ያኔ ዝም ማለቷን ማን ይቅር ይላታል? ሳይቃጠል በቅጠል፣ አለች ለራሷ።

እናቷ ሻርፗን እየጠቀለለች ወጣች። «ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?»

«እማዬ፣ እጅም ይዋሻል።»

«ምን አልሽ?»

ከዚያ በኋላ ቃሉ ሁሉ ተያይዞ ወጣ። መቅረጫውን ስትፈልግ ያየችውን፣ የተጣበቀውን ክዳን፣ የዝናቡን ገለጻ፣ የሒሳብ ፈተናውን። እናቷ ቀስ ብላ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ሻርፑ ከእጇ ወደቀ።

«ክቦቹ ሁሉ?»

«ሁሉም አይደሉም። ግን ብዙዎቹ። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። አፈር ስሆን አትቆጪ።»

እናቷ አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ደግሞ የባሰ ነበር። የታሰረውን ክምር እንደ ባዕድ ዕቃ አየችው። «ይሄን ሁሉ ስትዋሺልኝ» አለች በመጨረሻ፣ «ለሹፌሩ ምዕራፍ ምነው ትንሽ ብታዝኚለት?»

«እያለቀስኩ ነበራ!»

«መቼ?»

«ያን ቀን! እንዳትሰሚኝ ብዬ ነው ያን ሁሉ ያንኳኳሁት። ብርጭቆው የተሰበረውም ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነው።»

እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭራሮ አስለቀስኳት ብላ መሬት ብትውጣት በወደደች። እጆቿን ስታነሳ ግን እናቷ ትስቅ ነበር፤ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅ አጥታ ትስቅ ነበር።

«እኔ እኮ ጆሮዬ የሞተ መስሎኝ ነበር» አለች። «ያን ምዕራፍ ስጽፍ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሱ ላይ ሳህኑ ሲንኳኳ፣ በቃ፣ የምወደውና የሚረባው ነገር ተለያይተውብኛል አልኩ። አንድ ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። የጎረቤታሞቹን መጽሐፍ የማወራውም ፈርቼ ነው፤ እስካወራሁ ድረስ የምጽፍ ይመስለኛል። ጆሮዬ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ነው እማዬ።»

«እፎይ!» አለች እናቷ ወደ ኋላ ተለጥጣ። «እፎይ በይልኝ እስቲ አንቺም።»

ጭራሮም እፎይ አለች። የዓመት ሸክም ከትከሻዋ ወረደ፤ ካርቶኑ ላይ ወንድሟ አጠገብ ዘጭ አለች። «ተጠጊ እንጂ፣ መኪናዬን!» ብሎ ድብልብል ገፈተራት።

እናቷ የተሳለባቸውን ወረቀቶች ተቀብላ አንድ በአንድ ገለበጠች። «አንዱ ገጽ የለም።»

«በረረ» አለ ድብልብል ወደ መስኮቱ እያመለከተ።

«ይብረር። እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ያኛው ገጽ ላይ ወሬ በዝቶ ነበር።» ከዚያ ዓይኗን ወደ ጭራሮ መለሰች። «ግን ምን ነበር ያስለቀሰሽ?»

«አንቺን መስሎኝ ነው። ያኔ ሳትጽፊ እየጻፍኩ ነው ስትይን።»

«ታውቂ ነበር?»

«እርሳሱ አያጥርም ነበር።»

እናቷ ተነስታ የልጇን ግንባር ሳመችና ስልኳን ይዛ መስኮቱ ጋ ሄደች። አሳታሚው ሲያጉረመርም እስከ ጠረጴዛው ይሰማል። «አውቃለሁ... አዎ፣ ነገ ነው ያልኩት... አንድ ሹፌር ጠፍቶብኝ ነበር፣ አሁን አገኘሁት... አይ፣ ሰክሬ አይደለም» ስትል ጭራሮ ሳቋ አመለጣት። ስልኩን ዘጋች። «ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ተቆጥቷል፤ ይበርድለታል።»

ሲባጎውን ፈታች። ክምሩን አገላብጣ ከሥር ያለውን የመጨረሻውን ምዕራፍ አወጣችና ፊት ለፊቷ አኖረችው። ኅዳጉ ላይ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ትልቅ ክብ ተደርጎበታል።

«ይሄስ?» አለች ቀለል አድርጋ፤ እጇ ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። «እዚህ ላይ እንኳ ከልብሽ ነበር አይደል?»

ጭራሮ እናቷን አየቻት። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ገና መመለሱ ነው። ለዛሬ ይበቃታል፤ ለሁለቱም ይበቃቸዋል። «አሪፍ ነው» ብትል እራት በልተው፣ ስቀው፣ ተቃቅፈው ይተኛሉ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አልወደድኩትም» አለች።

የእናቷ ቅንድብ ከፍ አለ።

«ሹፌሩ እውነቱን ሲናገር ልጁ ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች። አትደነግጥም እማዬ። ልጁ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።»

እናቷ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላትና እርሳሱን አነሳች።

«እሺ» አለች። «በምን አወቀች?»

ጭራሮ አጠገቧ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች።