ጉሮሮው የተፋው

ሟቹን ያስተኙት ጀልባ መጠገኛው ውስጥ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ የተጨበጠውን ቀኝ እጁን አንሥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀች። የረጠበ ጥጥና ሰማያዊ መስመር ያለበት የጨርቅ ብጣሽ ወጣ። ይህቺ ሴት በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ትባላለች፤ ትንሽ ናት፣ ግን የገባችበት ያማል።

«ድካም ነው እንጂ ነገሩ እንኳ አልቋል» አለ የአካባቢው አስር አለቃ። «የሴት ልጁ ባል ነው የገደለው። ምስክር አለን። ከሰዓት በኋላ የእስረኛ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አስር አለቃ። ይሄን ሰው እንዲህ ያደረገው ማን ነው?»

የተባለው ባል፣ ጀልበኛው፣ ጥጉ ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

«ሰዉ ተቆጥቶ ነው…»

«አንተስ? ቆመህ ትቆጥር ነበር?»

የሟቹ ልጅ ከባሏ አጠገብ ብድግ አለች። «ትናንት አባቴን፣ ዛሬ ባሌን! ምን ቀራችሁ? እኔንም ጨምሩኝና ይለይላችሁ!»

ይህን ሁሉ ንዴት ያመጣው ውሃ ነው። ሜዳው ዙሪያውን በኖራ ድንጋይ ተራሮች የታጠረ ነው። ወንዙ ከአንዱ ተራራ ሥር ይወጣና ሜዳውን አቋርጦ፣ በድልድዩ ሥር አልፎ፣ በማዶው ተራራ ዋሻ ገብቶ ይሰወራል። ዋሻውን ሰዉ «ጉሮሮ» ይለዋል። ዝናብ ሲበዛ ጉሮሮው መዋጥ ያቅተዋል፤ ዶፉ ሲበረታበት ጭራሽ የዋጠውን መልሶ የሚተፋበት ቀንም አለው። ያኔ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በዚያው ላይ ይዘራል። ሟቹ በጉሮሮው አፍ ላይ ያለውን የብረት ፍርግርግ የሚያጸዳ ጠባቂ ነበር፤ ሬሳውም የተገኘው እዚያው ፍርግርግ ላይ ካፖርቱ ተጠምዶ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ጋብ ብሎም ውሃው አልሸሽ አለ፤ የዘር ጊዜው እያለፈ ሰዉ ሁሉ በጠባቂው ላይ ጥርሱን ነከሰበት።

«ከአማትህ ጋር ተጣልታችኋል?» አለችው ጀልበኛውን።

«ተጨቃጭቀናል። ‹ምን ሆኖ ነው የማይውጠው? ሰዉ እኮ በአንተ ነው የሚያማርረው› አልኩት። ‹የዘጋው ሰው አለ፤ በእጄ ሳልይዝ የሰው ስም አላነሣም› አለኝ።»

ምስክሩ ባለ እንግዳ ማረፊያው ነበር። ከሐይቁ በላይ ከተሠራው ሰገነቱ ላይ ሆኖ በጣቱ አሳያት።

«እዚህ ቆሜ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ የኔ እመቤት። ድልድዩ ላይ ተያያዙ፤ ገፈተረው። ውሃው እያንሳፈፈ ወደ ጉሮሮው ወሰደው። እኛ አገር ውሃ የያዘው ሁሉ መጨረሻው ጉሮሮ ነው።»

ቦርሳዋን ልታስቀምጥ ወደ ተሰጣት ክፍል ገባች። አልጋው ላይ ስትቀመጥ ፍራሹ ተንኮሻኮሸ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም። የጎረቤቱን ክፍል ከፍታ አየች። እዚያም እንዲሁ።

«ሁሉንም ቀየሩት እንዴ?» አለችው ወደ ባለቤቱ ተመልሳ።

«ለእንግዶቼ ስል። አሮጌዎቹን ለችግረኛ ሰጠሁ።»

«እግዜር ይስጥዎት» አለችና ወጣች።

ድልድዩ ሥር የሟቹ ወንድም መረቡን እያራገፈ ይሳደብ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጀልበኛውን መደብደብ የጀመረውም እሱ ነው።

«እይው እስቲ! ወንድሜ በሞተበት ሌሊት የዘረጋሁት ነው። ጨርቅና ጥጥ ሞልቶበት እንዳልነበር ሆኗል!»

«በየትኛው ወገን ነው የሞላው ጋሼ?»

«በጉሮሮው ወገን ነዋ፤ አይታይሽም?»

ጨርቁ ላይ ያንኑ ሰማያዊ መስመር አየች። አንድ ብጣሽ ነቅላ ኪሷ ከተተች።

ከሰዓት ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው። ገበሬዎቹም ተከትለው መጡ።

«ይህ ጨርቅ ከጉሮሮው መጥቶ መረቡ ላይ ተለጠፈ» አለች። «ያ ሌሊት ውሃው ወዴት ይሄድ ነበር?»

ዓሣ አጥማጁ ወደ ውሃው ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያን ቀን ዶፍ ጥሎ ነበር፤ ጉሮሮው… ከቀትር ጀምሮ ሲተፋ ነው ያደረው» አለ።

«ስለዚህ ከድልድዩ የወደቀ ሰው ወደ ጉሮሮው ሊሄድ አይችልም። ይራቃል እንጂ! ሁላችሁም ታውቁ ነበር። አንድም ሰው ግን ቆም ብሎ አላሰበም፤ ለዱላው ቸኮላችሁ! ሟቹ የሞተው እዚያው ፍርግርጉ ላይ ነው። ካፖርቱ ብረቱ ላይ ባይጠመድ ኖሮ እሱንም ውሃው ይዞት በመጣ። የተወተፈውን ሲጎትት ነበር፤ በእጁ የያዘው የፍራሽ ጥጥ ነው።»

ወደ ባለ እንግዳ ማረፊያው ዞረች።

«አሮጌዎቹን ፍራሾች ለማን ሰጠህ? አንድ ስም ጥራልኝ።»

«ምን ልትይኝ ፈልገሽ…»

«ስም!»

«ለኛስ አልሰጠም» አለ አንድ ገበሬ ከኋላ።

«ሐይቁ ከደረቀ በጀልባ የሚንሸራሸር እንግዳ የለህም። ስለዚህ ጉሮሮውን በፍራሽ ወተፍክ። ሽማግሌው ደረሰብህ። ከገደልከው በኋላ ጉሮሮው ይውጥልኛል አልክ፤ ጉሮሮው ግን ተፋብህ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ የሰው ልጅ በሐሰት አሳሰርክ!»

«አንድ ወር ብቻ ታገሠኝ ብዬው ነበር!» ብሎ ጮኸ ሰውዬው። «ለሕዝቡ እናገራለሁ አለኝ! መቅዘፊያውን ያነሣሁት ላስፈራራው ነው!»

ገበሬዎቹ ሊዘነጥሉት ተነሡ። «ማንም እንዳይነካው!» ብላ አምባረቀች። «እስካሁን የነካችሁት ይበቃችኋል። አስር አለቃ፣ ካቴናውን ከዚያ አውጣና እዚህ አስገባ።»

ለቀብር ሲነሡ ሰው ሁሉ ቃሬዛውን ሊሸከም ተጋፋ። ልጅቱ ፊታቸው ቆመች።

«እጃችሁን አንሡ! በሕይወት እያለ ሰነፍ ስትሉት ነበር። ባሌን የረገጣችሁበት እግር አባቴን አይሸኝም!»

በአንዱ ጫፍ እሷ፣ በሌላው ባሏ ያዙ። ሦስተኛውን ኢንስፔክተሯ ያዘች። አራተኛው ጫፍ መሬት ላይ ቀረ። ዓሣ አጥማጁ አንገቱን ደፍቶ ከሰዉ ኋላ ቆሟል። ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ ተመለከተችው።

«አጎቴ፣ ና ያዝ።»

ዕንባው ቀደመው። «ልጄ፣ ይቅር…»

«ይቅር አላልኩህም! አባቴ ከባድ ስለሆነ ነው። ያዝ!»

ጎንበስ ብሎ ያዘ።