«በየቀኑ እሄዳለሁ»

«በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ማታ ማታ ከእሷ ጋር» አለች እናት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ጉልበቷን የምታክመው ፊዚዮቴራፒስት ወደ ልጅቷ ወደ ሚጣ ዞረች።

እናቷ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዋን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ግማሽ ዓመት አልፏል። ልብስ ሰፊ ናትና የድሮ ቀሚሶቿን ሁሉ በገዛ የስፌት መኪናዋ አጥብባቸዋለች። አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም የያዘው ጉልበቷም እንደ በፊቱ እንቅልፍ አይነሳትም። ግን ደረጃ መውረድ ባሰበች ቁጥር ያ የጥንቱ ሕመም ትዝ ይላትና ወንበሯ ላይ ትቀራለች።

ሚጣ ደግሞ እያዘነችላት መቀሱንም፣ ክሩንም፣ ካውያውንም ከወንበሩ ዙሪያ ደርድራላታለች። ለደንበኛ በር የምትከፍተውም፣ ሱቅ የምትወርደውም እሷ ናት። እናት ከመቀመጫዋ የምትነሳው ለመተኛት ብቻ ሆኗል።

ፊዚዮቴራፒስቷ የእናትን ጉልበት እያጠፈች እየዘረጋች አየችው። ሸክሙ ቢቀልም ጡንቻው እየሰለለ መሆኑን ነገረቻቸው። ቀዶ ሕክምናው የተበላውን መገጣጠሚያ አይመልስም፤ ደግፎ የሚያቆመው ጡንቻ ነው፤ እሱም ካልተራመዱ አይጠነክርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላም ልታሳስቃት ሞከረች።

«እንቁላሉማ ጉልበቱን አያመው» አለች እናት።

ሚጣ ልትስቅ ብላ ፈራች። እናቷ ከነጭራሹ ከወንበር የማትነሳበት ቀን ታያት።

«አትሄድም» አለች። «እንዳትነሳ ያደረግኳትም እኔ ነኝ።»

እናት ፊቷን አጥቁራ ወጣች። በሰው ፊት አዋረድሽኝ አለቻት። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ እናት እንደ ልማዷ ቆመች፤ ቤታቸው ቅርብ ቢሆንም ታክሲ የምታስቆመው ሁልጊዜ ሚጣ ናት።

አንድ ታክሲ አለፈ። ሌላም አለፈ። ሚጣ ታክሲ በማስቆም ፈንታ ክንዷን ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ደፋር!» አለች እናት። ግን ያዘቻት።

ጥቂት እንደተራመዱ የእናት ጉልበት ሲንቋቋ ሁለቱም ሰሙት። ሚጣ ደንግጣ የእናቷን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ደገፈቻት። እናት ቆመች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ የቀረውን መንገድ ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ቦርሳዬን ያዥልኝ» አለች። «ክንዴን ግን ልቀቂው።»

ሚጣ ለቀቀቻት። እጇ አሁንም አሁንም ሊደግፋት ሲቃጣው ቦርሳውን በሁለት እጇ ጨበጠችና ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት።